አምስተኛው ተርሚናል

በሠላሳ አንድ ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ ስል አሶሳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ። እኔ የለቀቅሁት ሥራ ዛሬ የለም። ከመውጣቴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ተርሚናሎቹ በእጅ ጋሪ ተጭነው ከግቢው ወጥተዋል፤ ስለዚህ ማን ማንን ጥሎ እንደሄደ አከራካሪ ነው። አሁን ከገበያው በታች ባለች አንዲት ክፍል ታፔላ እጽፋለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ግጥም እጽፋለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ግጥም አይደለም፤ «አለ» የምትለውን ቃል እንዴት እንደምል ስላስተማሩኝ ሰዎች ነው።

ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ታይፕ መምታት ከአንድ ጸሐፊ ተምሬ፣ ባምባሲ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ደብዳቤ መታሁ። አለቃዬ ነጠላ ሰረዝ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ «ትንፋሽህን ሰው ቤት አትርሳ» እያሉ በቀይ ይሰርዙብኝ ነበር። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ጋር ይተዋወቃል፣ ከዚያ ያለፈ ዝምድና የለውም። ክልሉ ያኔ አዲስ ነበር። ማኅተም ከቢሮ ቀድሞ፣ ቢሮ ከወንበር ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ ነው። አሶሳ የሚገኘው የመድኃኒት አቅርቦት መምሪያ ታይፕ የሚችል ሰው ሲፈልግ፣ ኮምፒዩተር አይቼ የማላውቅ ልጅ «የኮምፒዩተር መረጃ ሠራተኛ» ተብዬ ተቀጠርሁ።

የነበረን ኮምፒዩተር ዛሬ ሰው በየጠረጴዛው የሚያየው ዓይነት አልነበረም። አንድ ትልቅ ማሽን ለብቻው በተቆለፈ ክፍል ይቀመጣል፤ ከእሱ በሽቦ የተገናኙ ስክሪንና ኪቦርዶች በየቢሮው አሉ። እነዚህ ናቸው ተርሚናል የሚባሉት። ተርሚናል የራሱ አእምሮ የለውም፤ የጻፍህለትን ወደ ማሽኑ ይወስዳል፣ ማሽኑ ያለውን ያሳይሃል። በክልሉ ላሉ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ምን መድኃኒት ወደ መጋዘን እንደገባና ከመጋዘን እንደወጣ በዚያ ይመዘገባል።

ዕቃው ከለጋሽ በስጦታ ሲመጣ አምስት ተርሚናል ነበረው። ፕሮግራሙን የሸጠው የአዲስ አበባ ድርጅት ውል ግን የሚፈቅደው አራት ብቻ ነው። አንዱ ለመምሪያ ኃላፊው፣ አንዱ ለዕቅድ፣ አንዱ ለፋይናንስ፣ አንዱ ለእኔ። አምስተኛውን ብትሰካው ስክሪኑ ላይ «የተፈቀደው ቁጥር ሞልቷል» የሚል አንድ መስመር ይወጣና ይደርቃል። ለመክፈቻው በየዓመቱ የሚታደስ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። የእኛ ሰዎች አራቱን ሲያከፋፍሉ የረሱት አንድ ቦታ ነበር፦ መድኃኒቱ ራሱ የሚቀመጥበት መጋዘን። አምስተኛው ተርሚናል ከነካርቶኑ እዚያ ሄደ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ኢድሪስ ሬዲዮናቸውን አስቀመጡበት።

ስለ ክፍያው ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። በጥሞና ሰሙኝ።

«ስክሪኑ የማን ነው?» አሉ።

«የእኛ ነው፣ ጋሼ።»

«ሽቦው?»

«የእኛ።»

«መብራቱም የእኛ። ታዲያ ያ ሰውዬ ቤት ሸጠ፣ በሩን አከራየ። ሸይጧን ራሱ እንዲህ ያለ ንግድ አያውቅም፣ ወላሂ።»

ጋሽ ኢድሪስ የበርታ ሰው ናቸው፤ ከአሶሳ ብዙ ከማይርቅ መንደር። አማርኛን የተማሩት በጉልምስናቸው፣ ከሾፌሮችና ከወታደሮች ነው። ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ይላሉ፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም፣ ምክንያቱም ለሁሉም እኩል ወንበር ይስቡ ነበር። እኔን «ያ ወለድ» ይሉኛል፤ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው።

ልማዳቸውን ልንገራችሁ። ካርቶን በዓይን አይቆጥሩም። አንድ እጃቸውን ዘርግተው እያንዳንዱን መታ መታ እያደረጉ ከቀኝ ወደ ግራ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ። ሁለቱ ካልገጠሙ እንደገና። ከቆጠሩ በኋላ ብቻ በየመደርደሪያው የተንጠለጠለውን ቢን ካርድ ያነሳሉ፤ ገቢውን፣ ወጪውን፣ ቀሪውን ይጽፋሉ። የመጠቀሚያ ጊዜው የቀረበውን ወደ ፊት ያመጣሉ፣ ቀኑን በቀይ ይከቡታል። ታማኝ የሚባል ሾፌር «ሃያ ካርቶን ነው ያመጣሁት» ቢላቸው እንኳ፣ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ካርቶኑን ግን አላውቀውም» ብለው ይነካሉ። አንድ ሰው «ይሄ መድኃኒት አለ?» ካላቸው መልስ አይሰጡም። ይነሣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይነካሉ፣ ይመለሳሉ። ከዚያ «አለ»።

ይህ እኔን ያስቀኝ ነበር። እኔ ሁለት ቁልፍ ነክቼ የክልሉን መድኃኒት በሙሉ የማይ ሰው ነኝ። በከተማው «የኮምፒዩተር ባለሙያ» እባላለሁ። ከማተሚያው የተረፈውን፣ ጠርዙ የተበሳሳ ወረቀት ጀርባ በግጥም እሞላለሁ። የመምሪያው ኃላፊ አቶ በየነ፣ ከቡለን የመጡ ሺናሻ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ቀልደኛ ሰው፣ ሲያልፉ «ገጣሚ፣ ማሽኑም ቤት መምታት ጀመረ?» ይሉኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

መጋዘኑ የሚሠራ ተርሚናል ስለሌለው ሰነዱ ወደ እኔ የሚመጣው በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር። ቀኑም በመመሪያ የተወሰነ አልነበረም፤ በልማድ የጸና ነው። ጋሽ ኢድሪስ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ መንገዳቸው በእኛ ቢሮ በኩል ስለሆነ የሳምንቱን የገቢና የወጪ ሰነድ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ተቀብዬ እስከ ማታ አስገባለሁ። ስለዚህ ዓርብ ማታ ስክሪኔ እውነቱን ይናገራል። ሰኞ ያመነታል። ሐሙስ ላይ የሚያወራው ስላለፈው ሳምንት ነው። ይህን አውቅ ነበር። ማወቄ ነው ጥፋቱን ጥፋት ያደረገው።

የወባ ወቅት ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት በመገናኛ ሬዲዮ ሲስተር ውቢት ከቶንጎ ጠራችን። ሲስተር ውቢት ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ በማኦ ኮሞ ያለውን ያን ጤና ጣቢያ ከሁለት ረዳቶች ጋር ይዛው ነበር። ሬዲዮ የሚያነሳው ሠራተኛ ስላልገባ እኔ አነሳሁ።

«የኩዊኒን መርፌ አልቆብኛል» አለች። «መጋዘን አለ?»

ስክሪኔን አየሁ። «አለ። አርባ ካርቶን።»

«እርግጠኛ ነህ? ያለችኝ አንዲት መኪና ናት። አለ ካልክ አሁኑኑ አስነሳታለሁ።»

«አርባ አለ እያልኩሽ ነው፣ ሲስተር። ፊቴ ላይ ነው ያለው።»

እውነቴን ነው፤ ፊቴ ላይ ነበር። መጋዘን ግን አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት ወረርሽኝ በርትቶበት ለነበረው ለቡለን አካባቢ አርባውም ተጭኖ ሄዷል። የወጪው ሰነድ በጋሽ ኢድሪስ ፌስታል ውስጥ ዓርብን ይጠብቃል። ከጠረጴዛዬ እስከ መጋዘኑ በር ስድሳ ስምንት እርምጃ ነው። በኋላ ቆጥሬዋለሁ።

የቶንጎ መኪና በማግስቱ ደረሰች። ሾፌሩ ባዶ እጁን ቆሞ ሲጠብቅ ጋሽ ኢድሪስ ከመስጊድ ሲመለሱ አገኙት። ሁሉንም ሰሙ። አልጮሁብኝም። እጄን ይዘው ወደ መጋዘን ወሰዱኝና ኩዊኒን ይቀመጥበት ከነበረው መደርደሪያ ፊት አቆሙኝ።

«ንካ» አሉኝ።

መዳፌን ጣውላው ላይ አሳረፍሁ። አቧራው የካርቶኖቹን አራት ማዕዘን ቅርጽ ይዞ ቀርቶ ነበር።

«የእኔ እጅ ይሄን ያውቃል። የአንተ ስክሪን አያውቅም። እሱ እጅ የለውም።»

ያቺ መኪና አሶሳ በነበረችባቸው ሰዓታት ቶንጎ ላይ ሐዋ የምትባል ነፍሰ ጡር በወባ ተይዛ ምጧ ያለ ጊዜው መጣ። ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና አልነበረም። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት መንገድ ላይ የጭነት መኪና እስኪገኝ ብዙ ተጓዙ። ሐዋ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ይህን የነገረችኝ ራሷ ሲስተር ውቢት ናት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድኃኒት ልትወስድ መጥታ። የቢሮዬ በር ላይ ቆመች፤ ልትቀመጥ አልፈለገችም።

«ልጮህብህ አልመጣሁም» አለች። «ከአሁን በኋላ ግን ሰው አለ ሲለኝ፣ ማን ነክቶት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ይሄን እንድታውቅ ነው።»

የዚያን ሰሞን ቤቴ ሆኜ ጻፍሁ፦

አፍማ ምን ቸገረው «አለ» ብሎ ሲያድር፣
እጅ ነው የሚያውቀው የካርቶኑን ምስጢር።

ለጋሽ ኢድሪስ አነበብሁላቸው። «ግጥሙ ጥሩ ነው» አሉ። «መድኃኒቱ የት አለ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ፦ መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራ ተርሚናል እንዲገባ፣ መድኃኒቱ የተነካበት እጅ እዚያው በዚያው እንዲጽፈው፤ ቶንጎ ዳግመኛ መኪናዋን በባዶ ቃል እንዳታስነሳ። በአቶ በየነ ፈቃድ ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፍሁ። መልሱ ዋጋ ማቅረቢያ ሆኖ መጣ። አቶ በየነ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ገጣሚ፣ ይሄ የክረምቱ ነዳጃችን ነው። ፈቃድ ገዝቼ መድኃኒት መኖሩን ልወቅ፣ ወይስ ነዳጅ ገዝቼ መድኃኒቱን ላድርስ?»

«ሁለቱም ያስፈልጋል፣ አቶ በየነ።»

«እሱን ለግጥምህ አድርገው። እኔ አንዱን ነው የምፈርመው።»

ነዳጁን ፈረሙ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እሱን እፈርም ነበር።

በዚያው በጋ ለዓመታዊ ጥገና ከድርጅቱ አንድ ቴክኒሺያን መጣ። ዮናስ ይባላል፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ማንጎ እየበላን፣ ክርኑ ድረስ ጭማቂ እየወረደበት፣ ለወራት ያሰብሁትን ጠየቅሁት።

«ፕሮግራማችሁ የሚቆጥረው ምንድን ነው? ክፍሉን ነው፣ ሰውየውን ነው?»

«መስመሩን ነው። ከማሽኑ ጀርባ አራት መስመር ተከፍቷል፤ አምስተኛው ተዘግቷል።»

«ካሉት አንዱ መስመር ቢረዝምስ?»

ማንጎውን ከአፉ አወረደ። «እስከ የት?»

በአገጬ መጋዘኑን አሳየሁት።

በዓይኑ ለካው። «ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ ካደረግነው ይደርሳል። ውሉ ስለ ርዝመት የሚለው ነገር የለም።» ከዚያ ሳቀ። «ግን የማን መስመር ነው የሚረዝመው? ኃላፊው አይሰጡህም። ፋይናንስ ገመዱን ስትነካ ጣትህን ይቆርጥልሃል።»

የማን እንደሆነ ሳልጠይቀውም አውቅ ነበር። የእኔ ነው። ስክሪኔ ከወጣ እኔ ማን ነኝ? የኮምፒዩተር ባለሙያ የሚባለው ስሜ በስድሳ ስምንት እርምጃ ሽቦ ተጎትቶ ሊሄድ ነው። ሁለት ቀን አመነታሁ፤ አልደብቅም። በሦስተኛው ቀን የባዶውን መደርደሪያ አቧራ መዳፌ ላይ አስታወስሁና ለአቶ በየነ ማመልከቻ ጻፍሁ። «ያለ ነጠላ ሰረዝ ጽፈሃል፣ ቸኩለህ ነው ማለት ነው» ብለው ፈረሙልኝ።

ዮናስ የመስመሩን ፍጥነት ዝቅ አድርጎ፣ የሽቦ ጥቅልል ከመኪናው ትቶልን ሄደ። ሽቦውን ከዝናብና ከአይጥ የሚከልል ቱቦ ግን ከተማው ውስጥ አልተገኘም። ጋሽ ኢድሪስ ሲሰሙ ግራ ገባቸው።

«ቱቦ የለም? እዚህ አገር? ያ ወለድ፣ ጫካው በሙሉ ቱቦ ነው።»

ቀርከሃ ማለታቸው ነበር። በማግስቱ የበሰለ፣ ቢጫ መምታት የጀመረ ቀርከሃ አስቆርጠው አመጡ። ለጋ ከሆነ ነቀዝ ይበላዋል አሉ፤ የበሰለውንም ቢሆን ቀናት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በጥላ አደረቁት። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ቀርከሃውን ለሁለት በቁመቱ መሰንጠቅ፤ ጠባብ ውስጡንና በየአንጓው ያለውን ግድግዳ በመሮ ፈልፍሎ ማውጣት፤ ሽቦውን አስተኝቶ ሌላውን ግማሽ መልሶ መክደን፤ በየክንዱ በልጥ ማሰር። በየአንጓው ከሥር አንድ ቀዳዳ ይበሳል፤ ውኃ ቢገባ እንዲወጣ። ቀርከሃው የሚያርፍባቸውን ምሰሶዎች ስንተክል ከቢሮው ወደ መጋዘኑ ጥቂት እንዲያዘቀዝቅ አደረጉት። «ውኃ አለቃ ቤት እንዳይገባ» አሉ፤ በመንገድ የሚያልፉ የመብራት ኃይል ሠራተኞች ቆመው ሲያዩ ሳቁ። «ሼኪ፣ ይሄ ዋሽንት ነው ወይስ ኮምፒዩተር?» አለ አንዱ። «አንተ ንፋበት፣ እናያለን» አሉት ጋሽ ኢድሪስ ሥራቸውን ሳያቋርጡ።

ተርሚናሌን ራሴ ተሸክሜ አሻገርሁ። ሰካነው። አረንጓዴው መስመር ወጣ፤ ስም ጠየቀ። ጋሽ ኢድሪስ አንድ ጣታቸውን አውጥተው ቁልፎቹን እንደ ካርቶን መታ መታ እያደረጉ ስማቸውን ጻፉ። አስገባቸው።

«መዓሌሽ፣ አይዞህ» አሉ ዘወር ብለው፤ የእኔን ፊት አይተው ነው መሰለኝ። «ወንበር ለሁለት ይበቃል።»

ከዚያ በኋላ መጋዘን ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ አራት ዓመት ሠራሁ። በሥራዬ ዘመን የተማርሁት ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ ነው። እሳቸው ይነካሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ እጅ እስኪለምድ ብለው ደግሞ እኔ እነካለሁ፣ እሳቸው በአንድ ጣት ይጽፋሉ። ደመና ሲጠቁር፣ የአሶሳ መብረቅ ሳይጀምር፣ መስመሩን ይነቅሉታል። «እሱ ያርፍ። ካርዱ አለ።» ቢን ካርዱን አንድ ቀን እንኳ አልተዉትም።

በመካከሉ ድርጅቱ ወሬው ደርሶት ኖሮ ደብዳቤ ላከ፤ ተርሚናሉ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ ስለተዛወረ እንደ ተጨማሪ ተቆጥሮ ይከፈልበት ይላል። ደነገጥሁ። አቶ በየነ አልደነገጡም። የመለሱት ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር፦ የሚሠሩት ተርሚናሎች አራት ናቸው፤ መጥታችሁ ቁጠሩ። ቆጣሪ ሆኖ የተላከው ዮናስ ነው። የቀርከሃውን መስመር ሥር ሥሩን ተከትሎ መጋዘን ደረሰ፤ በየምሰሶው ቆም እያለ ቋጠሮውን ያያል። ጋሽ ኢድሪስ ወንበር ሳቡለት።

«አራት» ብሎ በቅጹ ላይ ጻፈ።

«ከቀኝ ቆጠርህ። ከግራም ቁጠር» አሉት።

እንደገና ዞሮ ቆጠረ። አራት ነበር። ውሉም የሚለው እሱን ነው፤ ዮናስ የጻፈው ያየውን ብቻ ነው። ያየውን ብቻ በመጻፉ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ውሉ ውስጥ የሌለ ቃል ፈልጎ ሊያገኝብን ይችል ነበር።

ሲስተር ውቢት መስመሩ ከተዘረጋ በኋላም በሬዲዮ ስትጠራን አንድ ጥያቄ ታስቀድማለች። «ማን ነክቶት ነው?» መጀመሪያ ላይ «ጋሽ ኢድሪስ» እል ነበር። ከዓመት በኋላ አንድ ቀን ተነሥቼ ሄድሁ፤ ከቀኝ ቆጠርሁ፤ ከግራ ቆጠርሁ፤ ተመለስሁ። «እኔ» አልኋት። ሬዲዮው ትንሽ ሲያንሾካሹክ ቆየ። «እሺ» አለች፤ «መኪናዋን አስነሳለሁ።» ካገኘሁት የሥራ ምስክር ወረቀት ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ «እሺ» ነው።

ጋሽ ኢድሪስ እውነተኛውን ጡረታ ወጡ። የመጨረሻው ቀን መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ነክተው ጨረሱና «ኸላስ» ብለው ወጡ፤ ሬዲዮናቸውን ከአምስተኛው ተርሚናል ካርቶን ላይ ማንሣት አልረሱም። ብዙ አልቆየም፣ እያንዳንዱ የራሱ አእምሮ ያለው አዲስ ኮምፒዩተር ለየቢሮው መጣ። ተርሚናል የሚቆጥር ቀረ። የቀርከሃውን መስመር ማንም አላፈረሰውም፤ አንድ ጫፉ ውስጥ ንብ ገብቶበታል። እኔን ደግሞ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። ቀለምና ብሩሽ ገዛሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ሱቄ በር ላይ ቆመች። ፀጉሯ ከፊት ሸበት ጣል አድርጎባት ስለነበር ወዲያው አላወቅኋትም።

«ገጣሚው፣ እዚህ ነው የተደበቅኸው?» አለች ሲስተር ውቢት። «ለቶንጎ ታፔላ ላሠራህ ነው። የእናቶች ማቆያ ክፍል ልንከፍት ነው፤ መውለጃቸው የደረሰ እናቶች አስቀድመው መጥተው የሚተኙበት። ሰማያዊ ላይ በነጭ። ነገ ጠዋት መኪናዋ ትመለሳለች። ነጭ ቀለም አለህ?»

ቆርቆሮው ከመጋረጃው ጀርባ እንዳለ አውቃለሁ። አፌ «አ» ብሎ ተከፈተ። ዘጋሁት።

«ተቀመጪ» አልኋትና ተነሣሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ ቆርቆሮውን በሁለት እጄ አነሣሁ፤ ነቀነቅሁት፤ ክዳኑን ከፍቼ በእንጨት እስከ ሥሩ ለካሁት። ስመለስ ተቀምጣ ነበር።

«አለ» አልኋት።